«አቅሜ» የምንለው ገንዘብ የማን ነው? ስልክ ለመግዛት ላሰባችሁ

ቢስሚላህ።

 

ከወጣቶች በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፦ «ኡስታዝ፣ ይሄን ያህል ብር አለኝ፤ የቱን ስልክ ልግዛ?» አንዳንዱ ጥያቄውን ካነበበ በኋላ «ይሄ ደግሞ የዲን ጥያቄ ነው እንዴ?» ይል ይሆናል። አዎ፣ ነው። ስለ ገንዘባችን በቂያማ ቀን በሁለት በኩል እንደምንጠየቅ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል፤ ከየት እንዳመጣነውና ምን ላይ እንዳዋልነው። ዛሬ አንድ ወጣት በአንድ ጊዜ ከኪሱ ከሚያወጣቸው ትልልቅ ወጪዎች አንዱ ደግሞ የስልክ ግዢ ነው። እዚህ እኛ ዘንድ ሰቆጣ ላይ አንዲት ፍየል ተሸጣ የመካከለኛ ተች ስልክ ዋጋ አትሞላም። ፍየሏ ደግሞ የአንድ ሰው ብቻ አይደለችም፤ ወተቷም ሽያጯም የቤተሰብ ነው።

በአማርኛችን የስልኩን አካል «ቀፎ» እንለዋለን። ለዋግ ሰው፣ ነጭ ማር ለሚያውቅ ሰው፣ ይህች ቃል ጥሩ ማስታወሻ ናት። ንብ አናቢ ቀፎ ሲያዘጋጅ ስለ ንቡ፣ ስለ አበባውና ስለ ወቅቱ ያስባል። ቀፎው ምንም ያህል ቢያምር ንብ ካልገባበት ማር የለም። ስልክ ስንመርጥ ግን አብዛኞቻችን ተገላቢጦሹን እናደርጋለን። ቀፎውን እንመርጥና ምን እንደምናስገባበት በኋላ እናስባለን።

ሱቅ ውስጥ ሁለት ቃላት ይነገራሉ፤ «ፍላጎትህ ምንድን ነው?» እና «አቅምህ ስንት ነው?» ሻጩ እነዚህን ሁለት ጥያቄዎች በግማሽ ደቂቃ ያልፋቸዋል። እኛ ግን ዛሬ ቆም ብለን እንያቸው።

*ፍላጎት ሲባል የቱ ፍላጎት?*

ዑለሞቻችን የሰው ልጅ የሚያስፈልጉትን ነገሮች በሦስት ደረጃ ከፍለው አስቀምጠዋል። ኢማም አል-ገዛሊ (በ505 ዓ.ሂ. የሞቱት) በ«አል-ሙስተስፋ»፣ ኢማም አሽ-ሻጢቢ (በ790 ዓ.ሂ. የሞቱት) ደግሞ በ«አል-ሙዋፈቃት» ኪታባቸው በሰፊው አስረድተውታል። የመጀመሪያው ዶሩሪያት ነው፤ ያለ እሱ ሕይወት የሚናጋበት። ሁለተኛው ሓጂያት ነው፤ ቢጎድል ሕይወት ባይጠፋም ችግርና ድካም የሚያመጣ። ሦስተኛው ተሕሲኒያት ነው፤ ማሳመሪያ፣ ቢኖር ደስ የሚል፣ ባይኖር የማይጎዳ። እነዚህ ታላላቅ ዑለሞች የተናገሩት ስለ ሸሪዓ ዓላማዎች እንጂ ስለ ሸመታ አልነበረም። ሚዛኑ ግን ለኪሳችንም ይጠቅመናልና እንዋሰው።

ሦስት ሰዎችን አስቡ።

አንዱ ኒሯቅ ላይ ፍየል የሚነግድ ወንድማችን ነው። የሚፈልገው መደወል፣ ዋጋ መጠየቅና ገንዘብ መቀበል ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር በተች ስልክ መተግበሪያ ብቻ አልመጣም። ባለ ቁልፍ ስልክ ላይ *127# ብሎ መላክም መቀበልም ይቻላል። የንግድ ባንክ ሒሳብ ያለውም በ*889# ይገለገላል። ባለ ቁልፏ ስልክ አንዴ ቻርጅ ተደርጋ ቀናት ትቆያለች፤ ባትሪ መብራት አላት፣ ሬዲዮ አላት። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ በዋግ መብራትም ኔትወርክም ለወራት ሲጠፋ ስልክ በእጃችን ምን እንደነበረ የምናውቅ እናውቃለን። የመጨረሻውን ሞዴል የያዘው ሰውና ባለ ቁልፍ የያዘው ሰው እኩል ሆነው ነበር። እንዲያውም ባለ ቁልፉ ሰው በእጁ መብራትና ሬዲዮ ቀርቶለት ነበር። ለዚህ ነጋዴ ያቺ ትንሽ ስልክ ከመጀመሪያው ደረጃ ናት፤ ትልቁ ተች ስልክ ግን ምናልባት ሦስተኛው ውስጥ ነው።

ሁለተኛዋ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። ሃንድአውቷ በፒዲኤፍ ነው የሚመጣው፣ የክፍሏ ማስታወቂያ በቴሌግራም ነው የሚለጠፈው። ለእሷ ተች ስልክ ቅንጦት ሳይሆን ሓጃ ነው። የሚያስፈልጋት ግን ዓይን የማያደክም ስክሪን፣ በቂ የማስቀመጫ ቦታና ቀኑን የሚያውል ባትሪ ነው። ባለ አራት ካሜራው ጀርባ ለፈተናዋ ምንም አይጨምርላትም።

ሦስተኛዋ ልብስ ፎቶ አንስታ በቴሌግራም የምትሸጥ እህታችን ናት። ለእሷ ካሜራው ለልብስ ሰፊ እንደ መርፌ ነው። ጥሩ ካሜራ ያለው ስልክ ስትገዛ «አባከነች» የሚላት ሰው ተሳስቷል፤ የሥራ ዕቃዋን ነው የገዛችው።

አያችሁ፣ ያው አንድ ካሜራ ለአንዷ የእንጀራ ምንጭ ነው፣ ለሌላዋ ማሳመሪያ ነው፣ ለፍየል ነጋዴው ደግሞ ምንም ነው። ስለዚህ «ምርጡ ስልክ የቱ ነው?» የሚል ጥያቄ መልስ የለውም። መልስ የሚኖረው «ለማን? ለምን ሥራ?» ሲባል ነው።

ራስህን ለማወቅ ቀላል መንገድ ላሳይህ። አሁን የያዝከው ስልክ ላይ ሴቲንግ ውስጥ ግባ። አንድሮይድ ከሆነ «ዲጂታል ዌልቢይንግ»፣ አይፎን ከሆነ «ስክሪን ታይም» የሚል ታገኛለህ። ባለፈው ሳምንት በየትኛው መተግበሪያ ላይ ስንት ሰዓት እንዳሳለፍክ ቁልጭ አድርጎ ይነግርሃል። «ለትምህርት ነው፣ ለሥራ ነው» ብለን አባታችንን እናሳምን ይሆናል፤ ይህች ገጽ ግን አታዳላም። ብዙውን ሰዓት የወሰደው አጫጭር ቪዲዮ ከሆነ አዲሱ ስልክም ያንኑ ቪዲዮ በፍጥነትና በጥራት ያሳይሃል እንጂ አዲስ ሰው አያደርግህም።

*አቅም ሲባል የማን አቅም?*

ወደ ከባዱ ጥያቄ እንምጣ። ብዙዎቻችን «አቅሜ» የምንለው በእጃችን ልናስገባው የምንችለውን ገንዘብ ሁሉ ነው። ተበድረን፣ ለምነን፣ አኩርፈን፣ ዓረብ አገር ደውለን የምናገኘውን ሁሉ። ይህ ግን አቅም አይደለም። አቅም ማለት የሌሎች ሐቅ ከተነሳለት በኋላ የሚቀረው ነው።

ዓረብ አገር ያለችውን እህትህን አስባት። ጅዳ ወይም ሪያድ በሰው ቤት ከሱብሒ በፊት ተነስታ ሌሊት የምትተኛ እህት። በስልክ «አይፎን ላኪልኝ» ስትላት እምቢ አትልህም፤ ስለምትወድህ ነው። ግን ያ ስልክ የስንት ወር ድካሟ እንደሆነ ጠይቀሃት ታውቃለህ? ለራሷ የምትይዘውን ስልክ አይተህ ታውቃለህ? ወዳ የሰጠችህ ስጦታ ሐላል ነው፤ እሱ ላይ ክርክር የለኝም። ጥያቄዬ ያለው ከስጦታው በፊት ባለው ልመና ላይ ነው። የሰው ፍቅር ኪሱን የምንከፍትበት ቁልፍ መሆን የለበትም።

አባትህ ፍየል ሸጦ ከሰጠህም ነገሩ ያው ነው። ትምህርትህ የግድ ካስፈለገው አባትህ ደስ ብሎት ይሸጣል፤ አንተም ሳታፍር ተቀበል። ነገር ግን «ጓደኞቼ ሁሉ ይዘዋል» ለሚል ምክንያት የሚሸጠው የክረምቱ መሻገሪያ ከሆነ፣ ስልኩን የገዛኸው በአንተ አቅም ሳይሆን በታናናሾችህ ሆድ ነው።

ዕዳም እንዲሁ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ስልክ ደግሞ ገጣጥመን የምንሸጠው እንኳ ዕቃው ከውጭ ነው የሚመጣው። ያኔ የምታውቀው ዋጋ ዛሬ የለም። ልብ ግን የድሮውን ሞዴል ደረጃ አይተውም፤ ክፍተቱን በብድር ሊሞላው ይፈልጋል። በዱቤ የምትገዛ ከሆነ ውሉን አንብብ፤ ጠቅላላ የምትከፍለው ስንት እንደሆነ፣ ብትዘገይ ምን እንደሚጨመርብህ ጠይቅ። ወለድ ያለበት ከሆነ መልሱን ታውቀዋለህ። ወለድ የሌለበት ዕቁብ ከሆነ ደግሞ ዕጣው ከደረሰህ በኋላ እስከ መጨረሻው መክፈል እንደምትችል እርግጠኛ ሁን፤ ቀሪው ክፍያ የሌሎች ሰዎች አማና ነው።

አቅምህን የምትለካባት አንዲት ጥያቄ ልስጥህ፦ *ይህ ስልክ በገዛሁት ማግስት ቢጠፋ ወይም ቢሰበር ከእኔ ሌላ የሚራብ፣ የሚቸገር ወይም ሐቁን የሚያጣ ሰው ይኖራል?* መልሱ «አዎ» ከሆነ ስልኩ ከአቅምህ በላይ ነው። መልሱ «አይ፣ እኔ ብቻ አዝናለሁ» ከሆነ በአላህ ስም ግዛ።

*ዕውቀት የሌለው ሸማች ይታለላል*

ኒያህ ቢስተካከልም ካላወቅህ ገንዘብህ ይባክናል። ሱቅ ከመግባትህ በፊት እነዚህን ያዝ።

1. *ራም።* ካርቶኑ ላይ «8 ጂቢ» ተጽፎ ከጎኑ በትንሹ «4+4» ካለ እውነተኛው ራም 4 ነው። ሌላኛው 4 ከማስቀመጫው ቦታ የተበደረው ነው፤ ፍጥነቱም ከእውነተኛው ራም ጋር አይወዳደርም። ሻጩን «ዋናው ስንት ነው?» በለው።

2. *ማስቀመጫ።* 32 ጂቢ ከሚለው ውስጥ ትልቅ ድርሻ ሲስተሙ ራሱ ይወስዳል። ቴሌግራም ላይ ቂርኣትና ዳዕዋ፣ ሃንድአውትና ፎቶ የሚያጠራቅም ሰው በጥቂት ወራት «ሞልቷል» ይባላል። ከቻልክ 128 ጂቢ፣ ካልሆነም ሚሞሪ ካርድ የሚቀበል ምረጥ።

3. *ካሜራ።* የሜጋፒክስል ቁጥር ብቻውን ጥራትን አይናገርም። ሴንሰሩና ሌንሱ ደካማ ከሆነ ቁጥሩ ቢበዛም ፎቶው ደብዛዛ ነው። ሱቁ ጥላ ውስጥ አንድ ፎቶ አንሳና አስፍተህ እየው።

4. *ባትሪ።* መብራት በሚቆራረጥበት አካባቢ ለምንኖር ሰዎች ይህ ከካሜራ ይቀድማል። 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ያላቸው ርካሽ ስልኮች አሁን ብዙ ናቸው።

5. *ዝመና።* ይህን ሰው አይጠይቅም፤ ግን ባንክህ ስልክህ ውስጥ ነው። አምራቹ የደኅንነት ዝመና መላክ ሲያቆም ስልኩ መዝጊያው እንደላላ ቤት ይሆናል። ሳምሰንግ እ.ኤ.አ. በ2024 ላወጣው ጋላክሲ ኤ16 የስድስት ዓመት ዝመና ቃል ገብቷል፤ ብዙ ርካሽ ስልኮች ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው የሚያገኙት። ዋትስአፕም እ.ኤ.አ. ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ ከአንድሮይድ 5 በታች በሆነ ስልክ ላይ አይሠራም።

6. *ጥገና።* ከመግዛትህ በፊት ስልክ ጠጋኙን ጠይቀው፦ «የዚህ ስክሪን ታገኛለህ? ስንት ነው?» ተክኖ፣ አይቴልና ኢንፊኒክስ የአንዱ የቻይና ኩባንያ የትራንሽን ምርቶች ናቸው፤ ኩባንያው እዚሁ አገራችን መገጣጠሚያ ፋብሪካ አለው። ብዙ ሰው የያዘው ስልክ ዕቃውም በቅርብ ይገኛል። ስክሪኑ አዲስ አበባ ድረስ የሚያስኬድ ስልክ ዋጋው ካርቶኑ ላይ ከተጻፈው በላይ ነው።

7. *ኔትወርክ።* ባለ 5ጂ ስልክ ገዝተህ የምትውለው 2ጂ ብቻ በሚደርስበት ቀበሌ ከሆነ የከፈልከው ለማትጠቀምበት ነገር ነው።

*አሮጌው አይፎን*

ስለዚህ ጉዳይ በግልጽ እናውራ። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው አይፎን ኤክስ ሲስተሙ አይኦኤስ 16 ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ አይሄድም። ግን አሁንም ያለ አቅሙ የሚገዛው ወጣት አለ። ለምን? ባትሪው ስለሚቆይ አይደለም፤ ማስቀመጫው ስለሚበቃም አይደለም። ጀርባው ላይ ላለችው ምልክት ነው። በመስታወት ፊት ፎቶ ሲነሳ ስልኩ ፊቱን ሸፍኖ ምልክቷ እንድትታይ ነው።

ውበትን መውደድ ኩራት እንዳልሆነ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። አቅሙ ኖሮት፣ የሰው ሐቅ ሳይነካ ያማረ ስልክ የያዘን ሰው «ሙስሪፍ» የማለት መብት የለንም። ልቡን አላህ ነው የሚያውቀው። ነገር ግን ራስህን እንዲህ ብለህ ፈትን፦ ይህንኑ ስልክ ምልክቷ በማትታይበት ጥቁር ሽፋን ለብሶ እንድትይዘው ብትታዘዝ በዚሁ ዋጋ ትገዛው ነበር? ካልገዛኸው፣ የከፈልከው ትርፍ ለስልኩ ሳይሆን ለሰው ዓይን ነው። የሰው ዓይን ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሌላ ሞዴል ይዞራል።

*ርካሽ ሁሉ ዙህድ አይደለም*

በሌላ በኩል ደግሞ ቁጠባ መስሎን የምንሳሳተው ስሕተት አለ። ቁርኣን በሱረቱል ፉርቃን የአላህን ባሮች ሲገልጽ ከማባከንም ከመሰሰትም መሐል ላይ የቆሙ አድርጎ ነው። በየዓመቱ የሚሰበር ርካሽ ስልክ በሦስት ዓመት ሦስት ጊዜ የገዛ ሰው አንድ ደህና ስልክ ከገዛው በላይ አውጥቷል። ከዚያም በላይ ባትሪው ውስጥ ያለው ኮባልት ከግማሽ በላይ የሚወጣው ከኮንጎ ምድር ነው፤ እዚያም ሕፃናት ሳይቀሩ በከባድ ድካም የሚቆፍሩበት ቦታ አለ። ስልክን ጠብቆ ረጅም ጊዜ መያዝም ኢስራፍን መሸሽ ነው።

የዕቁብ፣ የጀማዓ ወይም የመስጂድ ገንዘብ በስልክህ የምትይዝ ከሆነ ደግሞ ዝመናው የቆመና ይለፍ ቃል የሌለው ስልክ መያዝ ቁጠባ አይባልም፤ አማናን ማላላት ነው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እናት። እኛ አዲስ ስንገዛ ለእናታችን የምንሰጣት ስክሪኑ የተሰነጠቀውን፣ ድምፁ የማይሰማውን፣ ባትሪው እስከ ዙህር የማይደርሰውን ነው። «እሷ ምን ታደርግበታለች?» እንላለን። እሷማ ትደውልበታለች፤ ያንተን ድምፅ ትሰማበታለች። ከአበርገሌ ተፈናቅለው ሰቆጣ ዙሪያ የከረሙ እናቶች ልጆቻቸውን ይጠብቁ የነበረው በዚያች ስልክ ነው። ለጽድቅ የሚሰጥ ነገር ከምንወደው እንዲሆን ቁርኣን አስተምሮናል። ለእናትህ የግድ ውድ ተች ስልክ አትግዛላት፤ ፊደሉ ትልቅ፣ ድምፁ ጥርት ያለ፣ ባትሪው የማያልቅ አዲስ ባለ ቁልፍ ግዛላት። ዋጋው ካንተ የስልክ ዋጋ ጥቂቱ ነው።

*ዩዝድ የምትገዙ*

ያገለገለ ስልክ መግዛት ብልህነት ነው፤ ግን የሰው እንባ ያለበት እንዳይሆን ተጠንቀቁ። *#06# ስትሉ የሚወጣውን ባለ 15 አኃዝ ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩ። ሻጩ የራሱን ጉግል ወይም አይክላውድ አካውንት ፊታችሁ እንዲያወጣ ጠይቁ፤ ካልቻለ ስልኩ የእሱ ላይሆን ይችላል። «ዋጋው እንዴት እንዲህ ረከሰ?» ብሎ መጠየቅ ከተቅዋ ነው። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ ዝም ብሎ መግዛት ከሌባው ጋር መካፈል ነው።

የምትሸጡም እንዲሁ። ባትሪው ተቀይሮ ከሆነ፣ ውኃ ነክቶት ከሆነ ተናገሩ። በፊቅሃችን የተደበቀ ነውር የተገኘበት ዕቃ የገዛ ሰው የመመለስ መብት አለው፤ ነውሩን የደበቀ ሻጭ ደግሞ በረካውን ያጣል። ፎቶዎቻችሁንና የሰው ምስጢር ያለበትን መልእክትም ጠርጋችሁ ስጡ።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ዛሬ ከዐስር በኋላ አንዲት ወረቀት ያዙና ሦስት ነገር ጻፉ። አንደኛ፣ ስልኩ የሚሠራልኝ ሥራ ምንድን ነው? ሁለተኛ፣ ይህ ገንዘብ ውስጥ የማን ሐቅ አለ? ሦስተኛ፣ ቢጠፋ ማን ይጎዳል? ሦስቱን ከመለሳችሁ በኋላ የቱን ስልክ እንደምትገዙ እኔን መጠየቅ ላያስፈልጋችሁ ይችላል። ምናልባትም የያዛችሁት ስልክ ባትሪው ብቻ ተቀይሮ ሁለት ዓመት እንደሚያገለግላችሁ ታያላችሁ።

አላህ ሆይ፣ ሪዝቃችንን ሐላል አድርግልን፤ በሰጠኸን የምንብቃቃ አድርገን፤ ለኛ ብለው የደከሙትን ወላጆቻችንንና በስደት ያሉ እህቶቻችንን ጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም። ስልክ ሊገዛ ላሰበ ጓደኛችሁ አድርሱት።

ጁምዓ ሙባረክ።